ሲቀነስ

ከቀበሌ መጣ፣ ልጅ እግር ሠራተኛ፣
ቅጽ ይዞ በእጁ፤ «እርስዎ ኖት ዘበኛ?»
አንደኛው ረድፍ ላይ የኩሬው ስም ይላል፤
«ሰሌክት» ብለህ ጻፍ፣ ሁሉም እንዲያ ይለዋል።
ሁለተኛው ስፋት፤ በርምጃ ለካነው፣
የሱ መቶ አርባ፣ የኔ መቶ ስልሳ ነው።
ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ እስክሪብቶውን ነክሶ፤
«የዓሣው ብዛት ስንት?» አለኝ አንገቱን መልሶ።

ምን ብዬ ልንገርህ? ቁጭ በል እዚህ ድንጋይ፤
ቅጽህን አጥብቀህ ያዝ፣ የአዳማ ነፋስ ወረቀት አይለይ።

ይኼ ውሃ ድሮ ውሃ መቼ ነበር፤
ለወንጂው መንገድ ነው የወሰዱት አፈር።
ኮንትራክተሩ ሄደ ዶዘሩን አስጭኖ፣
ጉድጓዱ ቀረልን፣ የማንም ሳይሆን የሁላችን ሆኖ።
ሁለት ክረምት ዘንቦ፣ ጎርፍ ገብቶ ሞላ፤
እንቁራሪት ነበረው፣ የወባ ትንኝ፣ ሌላ
ምንም።

ላምቤቦ የሚባል ጡረተኛ ነበር፣
ዕድሜውን የፈጀ ከፓምፕ ሞተር ጋር፤
ጆሮው በሞተሩ ደንቁሮ ስለኖረ
ምሥጢሩን ሳይቀር ጮኾ የተናገረ።
አንድ ቀን ከቆቃ፣ በአይሱዙ ጋቢና፣
አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ታቅፎ መጣና
«ሦስት መቶ ናቸው!» ሲል ሰፈሩ ሰማ፤
«የቆሮሶ ጫጩት!» — ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱም አማ።
«ደግሞ ዓሣ ይዘራል? ጤፍ መሰለህ እንዴ?»
«ታያላችሁ» አለ፣ «ሲመጣ ሁዳዴ።»

አሥራ ሰባቱ ሞተው ተንሳፍፈው ነበር፤
ለቀመና ቀበረ፣ ከቅንጭቡ አጥር ሥር።
የቀሩትን ግን ወዲያው አልለቀቀም፤
ከነጀሪካናቸው ነክሮ ቆመ፣ አልተነቃነቀም፣
ውሃና ውሃው በሙቀት እስኪስማማ፤
ያኔ ብቻ ነው ድምፁ ያልተሰማ።
ሕግ አወጣ ደግሞ፦ ዓመት እስኪሞላ
መንጠቆ እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይበላ።

ከዚህ በኋላ ነው እኔ የምመጣው።
ዐሥራ ሦስት ዓመቴ፤ ኳስ ነበር ያማረኝ።
ለእናቴ ጤና ጣቢያው ያደላት አጎበር
ገና ሳይዘረጋ፣ ከአልጋችን ሥር።
ከለሊሳ ጋራ በጨለማ ጎተትነው፤
አጎበር ምሕረት የለው፤ ጣት የሚያክለውን፣
ጥፍር የሚያክለውን፣ ሁሉን ጠራረግነው።
በባትሪው ብርሃን ብልጭ ብልጭ አሉ።
ስንት? አልቆጠርንም።
ለዶሮ መኖ ሸጥናቸው።
ኳሱን በማግሥቱ እሾህ ወጋው።

ላምቤቦ በጠዋት ዳሩን ዞሮ አየ፤
ከጭቃው ላይ ቀርቶ ኮቴዬን ለየ።
አልጮኸም። ያ ጯሂ ሰው አልጮኸም።
ደጃችን መጥቶ ቆመ፣ አባቴን አልጠየቀም፤
«ቅዳሜ ቆቃ ነኝ፤ ጀሪካን የሚይዝ ልጅ እፈልጋለሁ» አለ።

ስንመለስ ጀሪካኑ የኔ ጭን ላይ ሆነ።
«በእጅህ አማስለው፤ ካቆምክ አየር ያጥራቸዋል።»
አማሰልኩ። በሞጆ በኩል ዞረን፣ ክንዴ ዛለ፣
ትንንሽ ቀዝቃዛ አፎች መዳፌን እየነኩ፣
ቆጠሩኝ መሰለኝ።
«ያዝ!» ይላል ኩርባ ላይ። ሌላ ቃል የለም።
ስለዚያ አጎበር፣ እስኪሞት ድረስ፣ አንሥቶብኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ሁዳዴ መንጠቆ ተፈቀደ፤
የጤፉ ተረበኛ ሁሉ ከነሳህኑ ወረደ።

እና አሁን፣ ልጄ፣ ብዛቱን ትለኛለህ።
እናቲቱ ልጆቿን በአፏ ነው የምትይዝ፤
አፍ ውስጥ ያለ ነገር በምን ቅጽ ይያዝ?
ይብራ ከቆቃ መጥቶ፣ ጠዋት በማለዳ፣
ሳይፈርም ይወስዳል፤ ማን ይጽፍበታል ዕዳ?

የግድ ካልክ ግን ጻፍ፦
ሦስት መቶ።
ሲቀነስ አሥራ ሰባት፣ ከቅንጭቡ ሥር ያሉ።
ሲቀነስ አንድ አጎበር።
ሲደመር አንድ ጀሪካን፣ ስንት እንደያዘ ያልነገረኝ።
ድምሩን አንተ ሥራው፣ የተማርከው አንተ ነህ።

ቦታው ጠበበህ እንዴ?
ገልብጠው፤ በጀርባው ጻፍ።